የቁልቁለቱ ሣጥን

ሰኔ 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዛሬ ከደብረ ማርቆስ የመጡት ሰዎች ሣጥኑን ቁልቁለቱ ላይ አቆሙት። ሣጥን ይሉታል እንጂ ክዳን የለውም። ሦስት የሚያብረቀርቁ ቆርቆሮዎች ማዕዘን ሠርተው ተገጣጥመው አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ነገር ነው። የብረት እግር አለው። እግሩን በሲሚንቶ ሊያስሩት ነበር፤ መኪናቸው ጭቃ ላይ ስለቀረች ሲሚንቶው አልደረሰም። ድንጋይ ከምረውበት ሄዱ።

ያቆሙት አንሙት ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

አንሙት ልጄ ነው። አምና በነሐሴ፣ ድንቹን ጎርፍ እንዳይወስደው ፈሰስ ሊቀድ ወጥቶ ናዳው ከነዶማው ወሰደው። መንደሩ በሙሉ ቆፈረ፤ አልተገኘም። ቄስ ወልደ ሩፋኤል በልብሱ ፍትሐት አደረሱለት። «ልጄ፣ መሬቱ ራሱ መቃብሩ ሆኗል» አሉኝ። እኔ አላለቀስሁም። ያላየሁትን ምን ብዬ አለቅሳለሁ? ሰው ይህን ይነጋገርበታል። እሰማለሁ።

ደብተሩ የልጄ የማንጠግቦሽ ነው። ግማሹ ባዶ ቀርቶ ነበር። «እማ፣ ካልተናገርሽ ጻፊው» ብላ ሰጠችኝ። እስከ ስድስተኛ ተምሬአለሁ፤ እጄ ግን ዘገምተኛ ነው።

ሰኔ 6

የሣጥኑ ኃላፊ መቅደላዊት የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ጠዋት መንደርተኛውን ሰብስባ አስረዳች። ከሰማይ በላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች አሉ አለች። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ አንዱ ዝናቡን ይከታተላል፣ አንዱ ሰብሉ መለምለሙን ያያል። ፎቶ የሚያነሳው ግን ደመና ካለ አያይም።

«እንግዲያ ክረምቱን ሙሉ ዕውር ነዋ!» አለች ጎረቤቴ ያለምወርቅ። ምላሷ አያርፍም።

«ለዚህ ነው ሌላ የመረጥነው» አለች ልጅቱ ስቃ። «ይኼኛው በደመናም በጨለማም ያያል። በየአሥራ ሁለት ቀኑ በላያችሁ ያልፋል። ሲያልፍ ይጣራል እንበል፣ ሣጥኑ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስለታል። መልሱ በጥቂቱ ከተለወጠ መሬቱ ሸሽቷል ማለት ነው። አንድ ጣት እንኳ ቢሸሽ እናውቃለን።»

ሦስት ሣጥን ነው ያቆሙት። አንዱ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዓለቱ ላይ፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ አንዱ የእኛ ቁልቁለት ላይ። የሚሸሸው ቁልቁለት ሥር ያለ ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይነሣል ተባለ።

ከዚያ በታብሌቷ ከላይ የተነሣ ፎቶ አሳየችኝ። የአምና የመጋቢት ነው፣ ናዳው ሳይመጣ። ቤቶቻችን እንደ ባቄላ ፍሬ ተበትነዋል። ማሳችንን በጣቴ አገኘሁት። በመጋቢት እኮ አንሙት ነበር። 

«ሰው ይታያል?» አልኋት።

«አይታይም፣ እትዬ። ሰው ትንሽ ነው።»

ስትሄድ እጄን ያዘች። «እርስዎ ለሣጥኑ ቅርብ ነዎት። ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ፣ ከብት እንዳይገፋው፣ ውኃ እንዳይቋጥር ይጠብቁልኝ።» እሺ አልኋት።

ሰኔ 14

ዝናብ። በየጠዋቱ እወጣለሁ። የቋጠረውን ውኃ በነጠላዬ ጫፍ አደርቃለሁ። ሣሩን ነቀልሁለት። ቆርቆሮው ውስጥ ፊቴ ሦስት ሆኖ ይታየኛል።

ለአንሙትም ትንሽ አወራለሁ።

ሰኔ 21፣ ማርያም

ሣጥኑ ዘሞ አገኘሁት። አቀናሁት። ከምንጩ መንገድ ሆኜ ሳየው ደግሞ ዝቅ ብሏል። ሲቆም ከዳር ካለው ነጭ ቋጥኝ ጋር እኩል ነበር። ድንጋዮቹን አነሣሁና ሽቅብ መልሼ ከቋጥኙ ጋር አስተካከልሁት። ከአንድ እንስራ ውኃ አይከብድም።

ያለምወርቅ ላም ናት። ሌላ ማን ይሆናል? ምንጭ ላይ አግኝቻት ነገርኋት።

«የኔ ላም ቁልቁለት ወጥታ ቆርቆሮ ትገፋለች?»

«ጀርባዋን ልታክ ነዋ።»

«ሥራነሽ፣ ላሜ ሆዷን ጎትታ ውኃ አልደርስ ብላኛለች። ሰማይ ላይ ያለው ዓይን አላየም ወይ ማን እንደገፋው? እሱን ጠይቂው።»

ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ መሰለኝ። ቤት ስገባ ለምን ሳቅሁ ብዬ ራሴን ረገምሁ።

ሰኔ 29

ዛሬም ወርዶ ነበር። መለስሁት።

ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ። የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ደመላሽ መጥቶ ዋለ። ባሌ ካረፈ ጀምሮ ማሳዬን በእኩል የሚያርስልኝ እሱ ነው። የስንዴው ነገር ደስ ብሎታል።

«ይህን ስንዴ ትቶ ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ የሚሄድ ዕብድ ብቻ ነው» አለ። «መሬት አንዴ ከለቀቅኸው ያንተ አይደለም። ክልል ይሉታል፣ ያጥሩታል፣ ችግኝ ይተክሉበታል። ከዚያ በኋላ ዘበኛ ነው የሚያባርርህ።»

ስለ ስንዴው አልነበረም የማስበው። ቁልቁለቱን ካጠሩት እኔስ በየት እወጣለሁ? ይህን አልተናገርሁም።

የቤታችን በር አልዘጋ እያለ ነው። እርጥበት አብጦት ይሆናል። አያ ደመላሽ ከሥሩ በመጥረቢያ ጠረበው።

ሐምሌ 12፣ ሚካኤል

ስልክ የሚሠራው ሚካኤል ደጅ፣ ከጫፉ ላይ ብቻ ነው። ከቅዳሴ በኋላ መቅደላዊት ደወለች። ሰው ሁሉ ከቦኝ ነበር።

«የማዶው ሣጥን እየወረደ ነው፣ እትዬ። እዚያ ያሉት ይነሡ ብለናል። የእናንተው ቁጥሩ ትንሽ ይረበሻል፤ ግን ቦታው ላይ ነው።»

ጮክ ብዬ ደገምሁት፤ «ቦታው ላይ ነው አለች!» ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ደመላሽ ነጠላውን ወደ ላይ ወረወረ። «አላልኋችሁም? የእኛ መሬት ጨዋ ነው!»

ቁጥሩ ይረበሻል ያለችውን አልደገምሁም። ምን ማለት እንደሆነ ስለማላውቅ ነው።

ሐምሌ 13

የማዶ ሰዎች ሲነሡ ዋሉ። የቤታቸውን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅለው። ዶሮ በቅርጫት፣ ሕፃን በጀርባ። ያለምወርቅ ዳገቱ ላይ ቆማ «ውርርድ የተሸነፈ ሰው ይመስላሉ» አለች። ማንም አልሳቀላትም።

ሐምሌ 19

ከላሟ ለመገላገል ትናንት ሣጥኑን በግራር እሾህ ዙሪያውን አጠርሁት። ጥሩ አጥር ነው፤ እጄ እስኪደማ ነው የሠራሁት።

ዛሬ ጠዋት አጥሩ እንዳለ ነው። አንድ እሾህ አልተነካም። ሣጥኑ መሐሉ ላይ ቆሟል። ግን ከነአጥሩ ከቋጥኙ ዝቅ ብሏል።

ምን ዓይነት ላም ናት?

አጥሩን አፈረስሁ። ሣጥኑን መለስሁ። አጥሩን እንደገና አጠርሁ። ከሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

ሐምሌ 27

የምንጩ ውኃ ቀልቷል። አጥልለን እንጠጣለን።

አያ ደመላሽ ከላይኛው ማሳው ላይ ሰሞኑን የታየውን ስንጥቅ ገለባ ጠቅጥቆበት በላዩ አረሰው። ወንዶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። «የቀበሌ ሰው ካየው ወሬ ይሆናል» ይላሉ። «ሳተላይቱ ደህና ነው ካለ ደህና ነው።»

ሳተላይቱ ደህና ነው ካለ። እህልም እየበላሁ ይህ ቃል ይመጣብኛል።

ነሐሴ 3

የፍልሰታ ጾም ሦስተኛ ቀን ነው። ማንጠግቦሽ ቆርባ መጣች። ማታ ብቻችንን ስንሆን ወሬ ጀመረች። ሁሉን እጽፈዋለሁ፣ እንቅልፍ ከሄደ ቆይቷልና።

«እማ፣ ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን ለምን ትጎትቺዋለሽ?»

«አልጎትተውም። እመልሰዋለሁ። ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ጠብቂ ተብያለሁ።»

«ቦታው ራሱ ከሄደስ?»

«ቦታ የት ይሄዳል?»

«ከአንሙት ጋር የሄደው ቦታ አልነበረም?»

መታኋት። አንድ ጊዜ፣ ጉንጯ ላይ። በቆረበች ቀን። አላለቀሰችም። እንደኔ ሆናለች። ሄዳ ከመደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኛች።

እኔ ምን አጠፋሁ? ጠብቂ አሉኝ፣ ጠበቅሁ። ያቺ የተማረች ልጅ ናት፣ ቦታው ላይ ነው ያለችው እሷ ናት። እኔ ማን ነኝና ከእሷ አውቃለሁ? ደግሞ ላሟም አለች። ላሟን ማንም አልጠበቃት።

ብንነሣ አንሙት ብቻውን ይቀራል። በክረምት ብቻውን።

ነሐሴ 4

ይቅር በይኝ አልኋት። «እሺ» አለች። ከዚያ በላይ አላለችም።

ነሐሴ 11

በሩ ዳግም አልዘጋ አለ። አሁን ከላይ ነው የያዘው። በድንጋይ ደግፌ አደርሁ።

ሣጥኑ በአንድ ቀን ክንድ ያህል ወርዷል። ስመልሰው እግሬ ሥር መሬቱ እንደ ሊጥ ተንቀሳቀሰ። ቁጭ አልሁ። «አንሙት፣ አንተ ነህ?» አልሁ። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይለኛል።

ለመቅደላዊት መናገር ይገባኝ ይሆን? ምን ብዬ? ላም አስቸገረችኝ ብዬ?

ነሐሴ 15

መለስሁት። ከባድ ሆነብኝ። ጾም ይሆናል።

የአንሙት ሙት ዓመት ነሐሴ ሃያ ነው። ከጾሙ መፍቻ በኋላ ሚካኤል ወጥቼ ቄስ ወልደ ሩፋኤልን ማነጋገር አለብኝ።

ነሐሴ 22

በትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ላስቲክ ድንኳን ውስጥ ነው የምጽፈው። ደብተሩን ማንጠግቦሽ ከቤት አወጣችልኝ። ሳልረሳው በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ነሐሴ 17 ከሰዓት በኋላ ስለ ሙት ዓመቱ ለመነጋገር ሚካኤል ወጣሁ። ገና ደጁ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። መቅደላዊት ናት።

«እትዬ፣ ስንት ቀን ስሞክር! የማዶው ቁልቁለት ትናንት ተደርምሷል፣ ሰምታችኋል። የእናንተን ቁጥር ደጋግሜ አየሁት። ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። መሬት ሽቅብ አይመለስም። ሣጥኑን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም» አልኋት። «ሲወርድ እመልሰዋለሁ እንጂ።»

 

«ምን ያህል ነው የሚወርደው?»

«አንዳንዴ ስንዝር። ሰሞኑን ክንድ።»

«በቀን?»

«በቀን።»

«እትዬ፣ ልጅዎ የት ናት?»

«ቤት።»

«ያስወጧት። ሁሉንም ያስወጡ። አሁን። ለወረዳው እደውላለሁ፤ እነሱ እስኪመጡ ግን እንዳትጠብቁ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ለምን እንደማይነካ አልነገርኋችሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ቁልቁል አየሁ። የየቤቱ ጭስ ይወጣል። ማንጠግቦሽ እዚያ ናት። ወርጄ ተነሡ ብል አያ ደመላሽ ስንዴውን ያሳየኛል። ያለምወርቅ ትስቅብኛለች። ቦታው ላይ ነው ብዬ የጮህሁት እኔ፣ ሸሽቷል ብል ማን ያምነኛል? ክርክሩ ሳያልቅ ይመሻል።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁ። ከጫፉ ላይ ቆሜ እሪ አልሁ።

በእኛ አገር የለቅሶ እሪታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀር የለም። ጥዶ የነበረ ያወርዳል፣ የተጣላም ይመጣል። የማን ሞት ነው ብሎ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን አስቤ ነው የጀመርሁት። «አንሙቴ! ወንድ ልጄ! ዶማህን ይዘህ የወጣኸው!» ስል ግን ማሰቤ ቀረ። ከዓመት በፊት የተዘጋው ተከፈተ። ደረቴን ስመታ የማን እጅ እንደሆነ አላወቅሁም።

ሲሮጡ ወጡ። ማንጠግቦሽ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አያ ደመላሽ እያለከለከ «ማን ነው? ማን ነው የሞተው?» አለ።

«አንሙት!»

«አንሙትማ አምና ነው!»

«ዛሬ ገና መርዶ ደረሳት» አለች ያለምወርቅ። ቢሆንም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

ያኔ ነገርኋቸው። ሣጥኑ በየቀኑ ይወርድ እንደነበር፣ በየቀኑ ሽቅብ እመልሰው እንደነበር፣ ከሰማይ የሚያየው ያየው መሬቱን ሳይሆን የእኔን እጅ እንደሆነ።  ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ።

«ለሰው በሐሰት ይለቀሳል?» ብሎ አያ ደመላሽ ተቆጣ። «ጠዋት ይታያል፤ ከብቴን ትቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ሊመለስ ዞረ። ሌሎችም ተከተሉት።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ከደጀ ሰላሙ ወጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። «ሐሰት አይደለም። አምና የቀረ ለቅሶ ነው። ለልቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ አይሄድም፤ ይህን ከአባቶቻችሁ ነው የያዛችሁት። የሚሄድ ካለ እኔን ገፍቶ ይሂድ» አሉ። መስቀላቸውን አወጡ።

ያን ጊዜ አያ ደመላሽ ፊቱ ተለወጠ። «እናቴስ?»

እናቱ፣ አማቴ እማሆይ ወለተ ሰንበት፣ አልጋ ከያዙ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ለልቅሶ የማይነቃነቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። የእኔ እሪታ ለእሳቸው አልደረሰም። ሁሉን ያወጣሁ መስሎኝ አንድ ሰው ረስቼ ነበር።

ደመላሽና ሁለት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ቁልቁል በረሩ። ዝናቡ ጀመረ። የተቀመጠ ሁሉ ወደ ታች ያያል፤ ጭጋግ እንጂ ምንም አይታይም። ያለምወርቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘች። አልተናገረችም፤ እሷ ዝም ስትል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ተሸክመዋቸው ወጡ። እማሆይን ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስተኟቸው። «የማን ለቅሶ ነው?» አሉ።

«የአንሙት ነው፣ እማሆይ» አልኋቸው። እግራቸው ሥር ተደፋሁ።

«ጎሽ» አሉ። «አምና ሁላችሁም ሄዳችሁ እኔ አልጋ ላይ ቀረሁ። ለልጅ ልጄ ሳላለቅስ ልሞት ነበር።» በዚያ በቀጭን ድምፃቸው ጀመሩ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ስንቀባበል አደርን።

ጎሕ ሲቀድ ነጎድጓድ መሰለን። ድምፁ ግን ከታች ነበር።

የደመላሽ ቤት የለም። የላይኛው ቤቶች የሉም። ስንዴው የለም። ያለምወርቅ ላም ከጋጣዋ ጋር ሄደች። ስንት ቀን ወነጀልኋት፣ ምስኪን።

ሰው አልጠፋም።

ሰዎች እየመጡ እጄን ይስማሉ። ተዉኝ እላቸዋለሁ። ያለምወርቅ ብቻ ናት ልክ የተናገረችው። «ልታስጨርሺን የነበርሽውም አንቺ፣ ያወጣሽንም አንቺ። ምን እንደምልሽ እስካውቅ ድረስ ሽሮ አበድሪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት።

ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል

መቅደላዊት መጣች። አቅፋኝ ቆየች። አዲሱን ፎቶ አሳየችኝ፤ ደመናው ለአንድ ቀን ገለጥ ብሎ የተነሣ ነው። አረንጓዴው መሐል ቡናማ ምላስ ወርዷል።

«ጫፉ የት ነው ያለቀው?» አልኋት። አውቀዋለሁ፤ ግን ከሰማይ ያየው እንዲነግረኝ ፈለግሁ።

በጣቷ አሰፋችው። «እዚህ። ደጃፍዎ ላይ።»

ቤቴ ቆሟል። አፈሩ መድረኩን ነክቶ ነው የቆመው። በሩ የተከፈተ ነበር፤ ከሐምሌ ጀምሮ አልዘጋ ያለው በር።

አንሙት ክረምቱን ሙሉ ሲወርድ ነበር ማለት ነው። እኔ ሣጥኑን ሽቅብ ስገፋ፣ እሱ ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር።

ከመድረኩ ፊት ያለው አፈር ላይ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ጸለዩ። እኔም አለቀስሁ፣ እንደ ሰው።

መስከረም 8 ቀን 2010 ዓ.ም.

ከላይ የቀረው መሬት አልተረጋጋም። ከነጩ ቋጥኝ ጋር እኩል አዲስ ሣጥን አቆሙ፣ አሁን በሲሚንቶ። መቅደላዊት ከእኔ ሌላ ሰው ትመርጣለች ብዬ ነበር። «እርስዎ ይጠብቁልኝ» አለችኝ። «እርስዎ ሲወርድ ያውቃሉ።»

«አልነካውም» አልኋት።

«ውኃውን ብቻ ያድርቁለት።»

መስከረም 20

ዝናቡ ወደ ማብቂያው ነው። ከማንጠግቦሽ ጋር ወጣን። ውኃውን አደረቅሁ። ከምንጩ መንገድ ሆነን አየነው። ከቋጥኙ በጣት ያህል ዝቅ ብሏል።

ማንጠግቦሽ አየችኝ።

እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኋቸው። ወደ ሚካኤል ወጣንና ደወልን።